የክፍሉ ዝምታ

እናትየው በዚያ ቅዳሜ ልጇን ሦስት ጊዜ ቀብራት ነበር፤ ሦስቱንም በሐሳቧ። ጠዋት ልጅቷ ከደጅ እንደወጣች መኪና ገጫት። ረፋዱ ላይ፣ ፊልም በሚማሩበት አዳራሽ ውስጥ ከተዘረጋው የሽቦ መዓት አንዱ ያዛት። ከሰዓት በኋላ ስልኳን አላነሳ ስትል ደግሞ ምን እንደገደላት ለይቶ ማወቅ እንኳ አልተቻለም፤ ብቻ ሞታለች። እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ሴት ናት። አንድ ኮሌታ በጨረሰች ቁጥር መርፌዋን ደረቷ ላይ ትሰካና ትደውላለች። «ከምትሞትብኝ ትቆጣኝ» ነው ነገሯ።

ስለዚህ ወደ ማምሻው ላይ ከማታውቀው ቁጥር ሲደወልላት ቁጭ ብላ ነው ያነሳችው። ክፉ ወሬ ቆመው አይሰሙትም።

«የጆሮ... ይቅርታ፣ ጓደኞቿ እንደዚያ ስለሚሏት ነው። የድምፅ ተማሪዋ እናት ነዎት?» አለ አንድ ወጣት ፖሊስ። «ልጅዎ እኛ ጋ ናት። መምህራቸው ሞቶ ተገኝቷል።»

«እሷንስ ማን ገደላት?»

«ኧረ እሷን የገደላት የለም እናቴ። ገድላ እንደሆነ ነው የምንጠይቃት።»

እናትየው ስንቱን ሞት ስታስብ ኖራ፣ ይህኛውን አስባው አታውቅም ነበር።

በነጋታው ጠዋት ማሠልጠኛው ደረሰች። ቦታው ከአንድ ጎሚስታ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዳራሹ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ከላይ በግድግዳው ዙሪያ ሰው የሚራመድበት ጠባብ የብረት መተላለፊያ ተዘርግቶ፣ መብራቶቹ ከሱ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ከመሐል ደግሞ ቤት ቆሟል። ቤት ቢሉት ቤት አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ጣውላ፣ ጣሪያው ባዶ። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው አበባማ መጋረጃ ግን የእውነት ነው። መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ እናትየው ናት፤ «ለመመረቂያ ፊልማችን» ብላ ልጅቷ ስትለምናት።

በዚያ የውሸት ቤት ወንበር ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጫማዋን ከተረከዝ ገፋ አድርጋ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ እሺ» ይሏታል። የነገሯትን ሁሉ «እሺ» ብላ ትቀበላለች፤ ሰውዬው አመነችኝ ብሎ እፎይ ሲል፣ ያኔ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ የምታመጣው።

«ልጄ በረሮ እንኳ ገድላ አታውቅም!» አለች እናትየው ገና ከበሩ። «እኔ ነኝ የምገድልላት!»

«እሺ።»

«አንቱዬ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር...»

«እሺ። ሌሊቱን ለጣቢያው ሲደውሉ እንዳደሩ ነግረውኛል። ቤት ሆነው ከሚደውሉልኝ እዚህ ቢሆኑ ይሻለኛል። ከዚህ ጣውላ ጀርባ ወንበር አለ። ቢሰሙ ግድ የለኝም፤ ቢናገሩ ግን ወደ ውጭ ነው።»

እናትየው ሄዳ ተቀመጠች። መምህሩ የተገኘው ከዚያው ከኋላው ግድግዳ ሥር እንደሆነ ስታውቅ ወንበሯን ፈቀቅ አደረገች። ተማሪዎቹ ትናንት ማምሻውን ቤቱን ሊያፈርሱ ሲመጡ ነው ያዩት። ጭንቅላቱ ከብረቱ መተላለፊያ በወደቀ ሰው ዓይነት ተጎድቷል፤ መነጽሩም ከመተላለፊያው ሥር ተሰብሮ ተገኝቷል። ነገር ግን የሞተ ሰው ተነሥቶ አይሄድም። ካሜራ በሚገፉበት ባለ ጎማ ሰሌዳ ላይ ጭኖ ወደዚህ የደበቀው ሌላ ሰው አለ። የሚደብቅ ሰው ደግሞ የሚፈራው ነገር አለው።

መጀመሪያ የገባው ዘበኛው ነው።

«ምሳ ሰዓት ላይ ማን ውስጥ ቀረ?»

«ጋሼ መምህሩ፣ ረዳታቸው፣ ጆሮ የሚሏት ልጅና አለቃ። አለቃ ማለት ያ ዳይሬክተር ነኝ ባዩ ተማሪ ነው። ሌሎቹ በበሩ ወጡ፤ ቆጥሬ ነው ያስወጣኋቸው። ከዚያ መብራት ጠፋ። ጋሼ መምህሩ በአዳራሹ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ‹አስነሳው!› አሉኝ። ጓሮ ዞሬ ጄኔሬተሩን አስነሳሁ። እሱ ከተነሣ ሕንፃው በሙሉ ነው የሚያጉረመርመው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ነዳጅ ስጨምር ነበርኩ።»

«መብራት ሲመጣስ?»

«አጥፍቼ ወጣሁና ጠራኋቸው። ዝም። ረዳት መምህሩ ከኤዲቲንግ ክፍል ብቅ ብሎ ‹ወጥቷል፤ አላየኸውም እንዴ?› አለኝ። ጓሮ ሳለሁ ወጥተው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ተማሪዎቹም ከሰዓት በኋላ ሲጠፉባቸው ጊዜ የውጪውን ትዕይንት ግቢ ውስጥ ሲቀርጹ ዋሉ።»

«ጄኔሬተሩ በቀኑ ሌላ ጊዜ ተነሥቷል?»

«የለም፤ ያኔ ብቻ ነው። ነዳጁ በኔ እጅ ነው ያለው።»

«እሺ። መምህሩ ከሰው ጋር ሲጣሉ ሰምተዋል?»

«ጠዋት ከኤዲቲንግ ክፍል ድምፃቸው መጥቶ ነበር። ‹ያልሠራኸውን ሠራሁ አትበል!› ሲሉ። ለአለቃ ይመስለኛል፤ እሱ ነው ሁሌ የሚሟገታቸው።»

«እርስዎስ ተጣልተዋቸው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ! እኔ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ‹ቀረጻ ነው ዝጋ› ይላሉ። በሬዲዮ ሰው አይገደልም የኔ እመቤት። ቢገደልማ እኔን ነበር በየዕለቱ የሚገድሉኝ።»

ቀጥሎ ከደረጃው ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። እናትየው ልጇን ሳታያት አወቀቻት። አርብ ዕለት የገዛችላት አዲስ ጫማ ነው፤ በተራመደች ቁጥር ይጮኻል። በጣውላው ስንጥቅ አየቻት፤ በአንድ ሌሊት ፊቷ አንሷል። እናትየው እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀመጠች።

«ጠዋት ምን ተፈጠረ?» አለች መርማሪዋ።

«ስልኬ ጮኸ። ተዋናይዋ የምታለቅስበት ቦታ ላይ። እንዴት አምሮላት ነበር መሰለሽ... ይቅርታ፣ መሰለዎት። ቲቸር ተቆጣ። ‹ሁለተኛ ስልክሽ ቢጮህ በሩ ያውና!› አለኝ፤ ሰው ሁሉ ፊት።»

«ማን ነበር የደወለው?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «እማዬ።»

ከጣውላው ጀርባ ያለችው ሴት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ለሱ ምንም። ብቻዬን ግን... ‹ምነው በሞተና በተገላገልኩ› አልኩ። አለቃ ሰምቶኛል። እንዲያው ነው ያልኩት እኮ! ሰው ይል የለም?»

«እሺ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የክፍሉን ዝምታ ልቀዳ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው የሚቀዳው። ዕቃዬን ላመጣ ማስቀመጫው ክፍል ሄጄ ሳለ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ተነሣ። ከሰዓት በኋላ በጄኔሬተር የምንቀርጽ ከሆነ ያስፈልገናል ብዬ ከነጉርምርምታው ቀዳሁት። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ይሄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጫማዬንም በሩ ላይ አወለቅሁ፤ ስለሚጮህ ነው። ሌላ ጊዜ ሸራ ጫማ ነው የማደርገው።»

«ስልክሽን ለምን ጨርሰሽ አልዘጋሽውም?»

«ከተዘጋማ እማዬ ሞታለች ብላ እሪ ትላለች!»

«እሺ። ማንም አላየሽም?»

«ማንም አልነበረም። እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ‹ጸጥታ፣ እየቀዳሁ ነው› አልኩ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀዳሁ፣ ወጣሁ። ጫማዬን አድርጌ የኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በኋላ ሚሞሪ ካርዱን ለረዳት መምህራችን ሰጠሁት፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው እሱ ነው።»

ረዳት መምህሩ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ፣ ንግግሩ የተከረከመ ሰው ነው። ላፕቶፑን ይዞ ነው የገባው።

«ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ኤዲቲንግ ክፍል፤ ለጀማሪዎች የሚሆን ትምህርት ካሜራ ፊት ተቀምጬ ስቀዳ። ይኸው፣ ይዩት። አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ከኋላዬ የግድግዳ ሰዓቱ ይታያል።»

«ሰዓት እኮ በጣት ይዞራል።»

«ይዞራል» አለ ፈገግ ብሎ። «ጄኔሬተሩስ? ያዳምጡት እትዬ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጉረመርማል። ጄኔሬተሩ ትናንት የሠራው ደግሞ ያኔ ብቻ ነው።»

ከላፕቶፑ ትንሽ ስፒከር ውስጥ የሰውዬው ድምፅ፣ ከሥሩም ስስ ጉርምርምታ ተሰማ። እናትየው በጣቷ ቆጠረች። ዘበኛው ጓሮ፣ ይህ ሰው ካሜራ ፊት። ታዲያ ከልጇና ከዚያ አለቃ ከሚሉት ልጅ ሌላ ማን ቀረ?

«እሺ» አለች መርማሪዋ። «ልጅቷን እንዴት ያዩዋታል?»

«ለሥራዋ ሟች ናት። ኮቴ እንዳይሰማ ብላ በባዶ እግሯ ቆማ የምትቀዳ ልጅ እኮ ናት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲከፋው... እኔ እንጃ። የትናንቱን ቅጂዋን ለፖሊስ የሰጠሁት እያዘንኩ ነው። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ እንደነበረች የራሷ ድምፅ ይመሰክራል።»

«ይህ የክፍሉ ዝምታ የምትሉት ነገር ለምን ይጠቅማል?»

ሰውዬው የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብሎ ዘጋ። «እሱ እንኳ ወግ ለማድረስ ነው። ያን ያህል ጥቅም የለውም።»

«እሺ።»

አለቃ የተባለው ተማሪ ግን ይህንኑ ጥያቄ ሲጠየቅ ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«ጥቅም የለውም? ማን ነው ያለው? እትዬ፣ ፊልም እኮ ቁርጥራጭ ነው! አንዱን ንግግር ከሌላው ጋር ሲገጥሙት መሐሉ ላይ ጆሮ የሚሰማው ጉድጓድ ይፈጠራል። ምክንያቱም ባዶ የሚባል ክፍል የለም፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ አለው። የዚህ አዳራሽ ዝምታና የደረጃው ዝምታ አንድ አይደሉም። እሱን ከንግግሩ ሥር እንደ ምንጣፍ ያነጥፉታል፤ ጉድጓዱ ይደፈናል። ግማሽ ደቂቃ ካለዎት እየደጋገሙ ቀጥለው የፈለጉትን ያህል ያስረዝሙታል።»

«ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«ረዳት መምህራችን ነዋ! ገና በመጀመሪያው ሳምንት። እስካሁን ሲፈትነን እሱን ነው የሚጠይቀን።»

መርማሪዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። «ሌላስ ምን ተማራችሁ?»

«‹በትንሽ ስፒከር የሰማችሁትን አትመኑ፤ ሄድፎን አድርጉ›። ይህ የቲቸር ነው። ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ስፒከር አያወጣውም። ግን ደህና ሄድፎን ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጆሮ አንገት ላይ ነው የሚኖረው። ለምነን፣ እግሯ ሥር ወድቀን ነው የምታውሰን።»

«ትናንትናም እሷ ጋ ነበር?»

«አብሯት ጣቢያ ሄዷል።»

«እሺ። አንተስ ምሳ ሰዓት ላይ?»

«ጣሪያ ላይ ደመና ስቀርጽ። ቲቸር ፊልምህን ግማሹን ቁረጥ ብሎኝ ተናድጄ ነበር።»

«ደመና ስትቀርጽ ማን አየህ?»

«ደመናው» አለ ልጁ፤ ቀጥሎ ቀልዱ ለራሱም አስፈራው። «ማንም አላየኝም።»

«ጠዋት መምህሩ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ‹ያልሠራኸውን ሠራሁ አትበል› ብሎሃል?»

«እኔን? እኔ ጠዋት ከካሜራው ሥር ንቅንቅ አላልኩም፤ ሁሉም ይመሰክራሉ። ሲጮህ ሰምተን ደንግጠን ነበር እንጂ።»

ልጁ ሲወጣ መርማሪዋ ጣውላውን አንኳኳች። «ይምጡ እህቴ። ስልክዎን ይዘው።»

እናትየው ገባች። መጣ እንግዲህ፣ አለች በልቧ፤ ሁለታችንንም ሊያስሩን ነው።

«ትናንት ጠዋት ቀረጻ ያበላሹት እርስዎ ነዎት። ከዚያስ ስንት ጊዜ ደወሉ?»

«አንቱዬ፣ ምን ላድርግ... አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ከምሳ በፊት ደወልኩ። ከዚያ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ማሽኔ ቀጥ አለብኝ፤ እጄን ምን ላድርገው? ደወልኩ። አላነሣችም።»

መርማሪዋ ቀና አለች። «ሰፈርዎ እዚሁ ቅርብ ነው?»

«ከዚህ በታች ነው። መብራቱ አብሮ ነው የሚጠፋው።»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀብላ የጥሪውን ሰዓት አየችና መለሰችላት። ከዚያ በመስኮቱ ላይ ያለውን መጋረጃ በጣቷ ነካ አደረገች። «እርስዎ ነዎት አሉ የሰፉት። እንዲህ ያለ አበባማ ጨርቅ ሲያጥርዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እቀጥለዋለሁ። ግን ያስታውቃል። መጋጠሚያው ላይ አበባው ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል፤ ደግሞ ያው አበባ በየክንዱ ይመጣል።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። ይህኛው እሺ ግን ከቀደሙት አይመስልም ነበር።

ወጣቱን ፖሊስ ወደ ጣቢያ ላከችው፤ ሄድፎኑን፣ የልጅቷን መቅረጫና ስልኳን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። መርማሪዋ ሄድፎኑን አጥልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። እናትየው ያንን ሳቅ አይታ ይባስ ደነገጠች።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ። ዘበኛው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አለቃ እግሩን እያወዛወዘ፣ ረዳት መምህሩ እጆቹን አጣጥፎ፣ ልጅቷ ከወጣቱ ፖሊስ አጠገብ። እናትየው መጋረጃው ሥር ቆማለች፤ ተቀመጪ ቢሏትም እምቢ ብላለች።

«መምህሩ መብራት ሲጠፋ በሕይወት ነበር፤ በመስኮት ተጣርቷል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሲመጣ አልነበረም። ስለዚህ የሞተው ጄኔሬተሩ ሲያጉረመርም ነው። ሲወድቅ የሰማ የለም፤ ጉርምርምታው ውጦታል። በዚያ ሰዓት ከሱ ሌላ ግቢው ውስጥ አራት ሰው ነበር። ጋሼ ዘበኛው ጓሮ ነበሩ፤ ጄኔሬተር ራሱን አያስነሳም፣ ራሱን አያጠፋም። ጣሪያ ላይ የነበረው ልጅ መምህሩ ጠዋት የጮኸበት ሰው አይደለም። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ራሷ በቀዳችው ድምፅ እዚህ እንደነበረች ታውቋል። አንዱ ራሱ በቀዳው ድምፅ እዚህ እንዳልነበረ ታውቋል።»

«ታውቋል» አለ ረዳት መምህሩ።

«እሺ። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። ልጅቷ በባዶ እግሯ ቆማ ቀዳች ያሉኝ ከየት አምጥተው ነው? ሌላ ጊዜ ሸራ ጫማ ነው የምታደርገው። በባዶ እግሯ የቆመችው ትናንት፣ ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ማንም አላየኝም ብላለች።»

አለቃ እግሩን ማወዛወዝ ተወ።

«ነግራኝ ይሆናል» አለ ረዳት መምህሩ።

«አልነገርኩህም!» አለች ልጅቷ።

«እሺ፣ እንተወው። ሁለተኛ፤ የክፍሉ ዝምታ ጥቅም የለውም አሉኝ። ተማሪዎን ብጠይቀው ግን ራስዎ እንዳስተማሩት ነገረኝ። መምህር የሚኮራበትን ትምህርት ለምን ያናንቃል? እኔ ስለዚያ ነገር ሁለተኛ እንዳልጠይቅ ካልፈለገ በቀር። አሁን እንስማ።»

ወጣቱ ፖሊስ መቅረጫውን ከአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ጋር አያያዘው። የልጅቷ ድምፅ ጣሪያው ድረስ ሞላ። «ጸጥታ፣ እየቀዳሁ ነው። የክፍሉ ዝምታ፣ ከጄኔሬተር ጋር።» ከዚያ ጉርምርምታው ብቻ ቀረ። ሁሉም ሳያውቁት ትንፋሻቸውን ያዙ። ከጉርምርምታው ሥር፣ እንጨት ላይ እንደተያዘ ጥንዚዛ፣ የሆነ ነገር ነዘረ። ዝዝዝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝዝዝ። ወዲያው የልጅቷ ሹክሹክታ፦ «ኤጭ፣ እማዬ!»

ዘበኛው ሳቁ አመለጠውና በባርኔጣው አፉን ከደነ። እናትየው ግን እዚያው በቆመችበት ፊቷ እሳት ሆነ። ሞታ እንደሆነ ልትጠይቅ የደወለችላት ልጅ፣ ‹ኤጭ› ነው ያለቻት።

«ይህ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የነበረው ስልክ ነው» አለች መርማሪዋ። «የደወሉት እናቷ ናቸው፤ መብራት ጠፍቶ ማሽናቸው ሲቆም። ሰዓቱን አይቼዋለሁ። አሁን ደግሞ የረዳት መምህሩን ትምህርት እንስማ፤ በትልቁ ስፒከር።»

የሰውዬው ድምፅ መጣ፤ «ቁራጭን ከቁራጭ ጋር ስናጋጥም...»። ከሥሩ ጉርምርምታው። ከጉርምርምታው ሥር፦ ዝዝዝ። ዝዝዝ። «...ተመልካቹ መጋጠሚያውን ማየት የለበትም...»። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ዝዝዝ። ዝዝዝ። ንግግሩ ቀጠለ፤ ንዝረቱም በዚያው ልክ፣ በዚያው ርቀት፣ እየደጋገመ መጣ።

«የኔ ስልክ ነው» አለ ሰውዬው፤ ድምፁ ግን ክርከማው ፈርሶ ነበር። «ሰው ሲደውልልኝ ነበር።»

«እሺ። ስልክዎን ይስጡኝና ማን እንደደወለ እንይ።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄደች፤ ኪሱ አፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አይድከሙ» አለች መርማሪዋ። «ያው አበባ በየክንዱ የሚመጣው ጨርቅ ሲቀጠል ነው። እርስዎ ይህን ትምህርት የቀዱት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ተማሪዎቹ ግቢ ውስጥ ሲቀርጹ፣ የግድግዳውን ሰዓት ወደ ኋላ መልሰው። ክፍሉ ግን ዝም ብሎብዎታል፤ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። የጄኔሬተሩ ድምፅ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ራሷ ባስረከበችዎ ሚሞሪ ካርድ ላይ። ‹ኤጭ፣ እማዬ› የምትለውን ቆርጠው ጣሉ፤ እሱ በትንሹም ስፒከር ይሰማል። ንዝረቱ ግን ወፍራም ድምፅ ነው። በላፕቶፕዎ አልተሰማዎትም። የሚያሰማው ሄድፎን ልጅቷ አንገት ላይ ነበር። ዋናውን ቅጂ ደግሞ አላጠፉትም፤ እሷን እንዲያሳስርልዎ ስለፈለጉት በገዛ እጅዎ ለፖሊስ ሰጡት።»

አዳራሹ የራሱ ዝምታ ብቻ ቀረው።

«ያልሠራኸውን ሠራሁ አትበል» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «የማሠልጠኛው ኃላፊ ዛሬ ጠዋት በስልክ ነግረውኛል። መምህሩ ስለ አንድ የተሰረቀ ፊልም ላነጋግርዎ ብሏቸው ነበር። እርስዎም አብረዋቸው ሲማሩ፣ ያምና ተማሪዎች የሠሩት ፊልም ነው። መጨረሻው ላይ የሁሉም ስም ነበረ። እርስዎ ለውድድር በላኩት ላይ ግን ያለው የአንድ ሰው ስም ነው፤ የእርስዎ። በዚያ ሽልማት ነው እዚህ የተቀጠሩት።»

ረዳት መምህሩ ወደ ብረቱ መተላለፊያ ቀና ብሎ አየ። «መብራት ሊያስተካክል ወጥቶ ነበር። ተከትዬው ወጥቼ ለመንኩት። ‹ሰኞ ተማሪዎቹን ጠርተህ ስማቸውን ትመልስላቸዋለህ› አለኝ። ደረቱን ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው... መደገፊያ ብረቱ አጭር ነው እዚያ ጋ።»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ጫማዋ ሲጥ አለ። «እኔ ስቀዳ... እዚህ ነበርክ?»

«ከጣውላው ጀርባ። ከሱ ጋር።» ሰውዬው ሊያያት አልቻለም። «መውጣት እችል ነበር። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር። ግን ‹ጸጥታ› አልሽ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ልማድ ነው።»

ልጅቷ ዞራ ጣውላውን አየች። ልጅቷ ምን እያሰበች እንደሆነ ለመርማሪዋ ገብቷታል። «ሐኪሙ ወዲያው ነው የሞተው ብሏል፤ ከመግባትሽ በፊት። ይህን በልብሽ አትያዢ፣ ልጄ።»

ወጣቱ ፖሊስ ሰውዬውን ይዞት ወረደ። እናትየው ያን ጊዜ ነው ልጇን የነካቻት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ክንዷን፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው።

«እማዬ፣ በቃ፤ ሙሉ ነኝ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ እሷም አለቀሰች።

«ኤጭ አልሽኝ» አለች እናትየው።

«አልኩሽ።»

«ደግ አደረግሽ።»

አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጆሮ፣ ፊልሙን እንጨርሰዋለን አይደል? ግማሹን እቆርጠዋለሁ። ቲቸር እንዳለው።» ቀጥሎ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲወጡ ልጅቷ ከደረጃው ግማሽ ላይ «ሄድፎኔን ልያዝ» ብላ ተመለሰች። እናትየው ከመርማሪዋ ጋር በታችኛው በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ጠበቀች። ሄድፎን ለማንሣት ይህን ያህል ምን ያቆያል? ደረጃው ገደል ነው። የመብራቶቹ ሽቦ እንደሆነ እንደ እባብ ተጋድሟል። ያ የብረት መተላለፊያ ደግሞ መደገፊያ ብረቱ አጭር ነው ተብሏል፤ ወጥታ ብታይስ? ልጅ አይደለች?

ከመርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ አንድ ነገር ነዘረ። ዝዝዝ።

መርማሪዋ ከረጢቱን አወጣች። የልጅቷ ስልክ በላስቲኩ ውስጥ እየበራ ይንቀጠቀጣል። ዝዝዝ። ዞር ብላ እናትየውን አየቻት። እናትየው ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀርታለች።

«እህቴ፣ ይህ ስልክ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። እዚያ ደግሞ ዳኛው ፊት እንዳይደውሉበት።»

«እሺ» አለች እናትየው።

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። የዘጋችው ከላይ፣ ከደረጃው አናት፣ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ኮቴ መውረድ ሲጀምር ነው።